የእትዬ ደብሬ ሙሾ

ባለፈው ኅዳር ወረታ ላይ ከሚኒባስ ስወርድ የሩዝ ገለባ ሽታ ተቀበለኝ። በየመፈልፈያው በር ላይ እንደ ኮረብታ የተቆለለው ገለባ የሌሊቱን ጤዛ ጠጥቶ፣ የጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው የሚያወጣው ያ እርጥብ፣ ጣፈጥ ያለ፣ ትንሽ ሻጋታ የመሰለ ሽታ። የወንድሜ ልጅ ወልዳ ልጠይቃት ነበር የመጣሁት። ዕቃዬን በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። «እናቴ፣ ባጃጅ ልጥራልዎት?» አለኝ አንድ ጎረምሳ። «ቆይ ልጄ፣ ትንሽ ላሽትት» ስለው ሳቀብኝ። አልፈረድኩበትም። እሱ ከተወለደ ጀምሮ ወረታ እንዲህ ነው የምትሸተው። እኔ ልጅ ሳለሁ ግን ሩዝ በአገራችን ገና እንግዳ ነበር። የገበሬ ማኅበሩ ዘሩን ሲያድል ብዙው ገበሬ «ይኸ ቄጠማ ነው፣ ምኑ ይበላል?» እያለ ተጠራጥሮ ነው የተቀበለው። እኔ ሩዝን ያወቅሁት አርሜው ነው፤ ያረምኩትም ተዋናይ ለመሆን ብዬ ነው። ይህን ብነግረው ያ ጎረምሳ ይብስ በሳቀ።

መንገዱ ያኔ ጠጠር ነበር። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው መኪና ሁሉ አቧራውን እኛ ላይ በትኖ ይሄዳል። ወደ ደብረ ታቦር በሚገነጠለው መንገድ ማዕዘን ላይ ሾፌሮች የሚቆሙበት አንድ ሻይ ቤት ነበረ፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአምስት። ባለቤቱ ካሴቱ በተንጋደደ ቁጥር በእርሳስ እያጠነጠነ ያንኑ አንድ የክራር ዘፈን ቀኑን ሙሉ ያሰማናል፤ ዘፈኑ መሀሉ ላይ ተበልቶ ስለነበር እኛም ስናንጎራጉረው ከተበላበት ስንደርስ ዘለን ነበር የምንሄድ። የወንዶቹ ፋሽን ከታች እንደ ጃንጥላ የሚሰፋ የቴትረን ሱሪ፣ የሴቶቹ ሽንሽን ቀሚስና ኮንጎ ጫማ። ዛሬ ያ ማዕዘን ላይ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሟል፤ ምድር ቤቱ ውስጥ የስልክ ዕቃ ይሸጣሉ። ከአጠገቡ የነበረው የልብስ ሰፊዎች ተርታ የለም። እኔ ያደግሁት እዚያ ተርታ ላይ ነው፣ ጋሽ ኑሩ የሚባሉ ሰፊ ሱቅ በረንዳ ላይ። ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ። አባቴ በልጅነቴ ሞቷል፤ እናቴ ገበያ ላይ ጌሾ ትነግድ ነበር። ስሜ ትርንጎ ነው። ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ሞልቶ፣ ሜትር አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ ስሄድ ትልቅ ባለሙያ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ወደ ቲያትር የገባሁት በዚሁ ሜትር ምክንያት ነው። መምህር ታደለ የሚባል የአማርኛ አስተማሪ፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ኮት የሚለብስ ቀጭን ሰው፣ የከተማውን ወጣቶች ሰብስቦ ተውኔት ያዘጋጅ ነበር። ልጆች የሚሄዱበት ዘመን ነበር፤ ወዴትና ለምን የሚለውን ለሚያውቁት እተወዋለሁ። የመምህር ታደለ ተውኔትም ልጇ ሄዶ መርዶው ስለሚመጣላት እናት ነው። ያኔ ሴት ልጁን ለመድረክ የሚፈቅድ ወላጅ ስላልነበረ እናቲቱን ሆኖ የሚጫወተው የስፖርት አስተማሪው ነበር፤ ትከሻው በር የሚያህል ሰው። ጋሽ ኑሩ ቀሚስ ሊሰፉለት «ሂጂና ለክተሽው ነይ» ብለው ላኩኝ። የሚለማመዱበት አዳራሽ ገብቼ ሜትሩን ደረቱ ላይ ባዞርበት ጊዜ ሌሎቹ በሳቅ ወደቁ። ሰውዬው ፊቱ ቀላ። «ቀሚስ ያለው ማነው? እኔ ነጠላ ደርቤ እጫወታለሁ እንጂ ቀሚስ አልለብስም!» አለና ወጥቶ ሄደ። በዚያው ቀረ።

መምህር ታደለ ወረቀቱን እንደያዘ ባዶውን በር ሲያይ ቆየና ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ፣ ማንበብ ትችያለሽ?»

«እስከ ስምንተኛ ተምሬያለሁ።»

«በይ ይችን አንብቢ።»

አነበብኩ። የእናትየዋን ቃል ነው። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ስጀምር የራሴ ድምፅ ነበር፣ ስጨርስ የሌላ ሰው ሆኖብኛል። ድምፄ ከልጅነቴ ወፍራም ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ስዘምር ሴቶቹ ዞር ብለው እያዩ ይስቁብኝ ስለነበር አፍርበት ነበር። አዳራሹ ዝም አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ድምፄ ምክንያት የሳቀብኝ ሰው አልነበረም። ዛሬ ወጣት ተዋንያን «መድረክን እንዴት ወደድሽው?» ሲሉኝ የምነግራቸው ትልቅ ነገር የለኝም። ያችን ዝምታ ነው የወደድኳት።

እናቴ ስትሰማ የጌሾውን ቁና መሬት ላይ ጣለችው። «አዝማሪ ልትሆኚልኝ ነው? ያባትሽን ስም ገበያ ልታወጪው?» ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ጋሽ ኑሩ ቤታችን መጡ። ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ፤ ተቀመጡ ብትላቸው እንቢ አሉ። «እትዬ፣ እኔ ስንት ዓመት ልብስ ስሰፋ ኖርኩ። ልብስ ስለቀየረ ምግባሩ የተቀየረ ሰው አላየሁም። ልጅዎ የሰው ቀሚስ ለብሳ ትቆማለች፣ አውልቃ ትመጣለች። ያው ልጅዎ ናት።» እናቴም «እንግዲያው ስሟን በክፉ ያነሳ ሰው ቢመጣ እርስዎ ደጅ ነው የምቆም» አለች። እሺታዋ እሱ ነበር።

ልምምዱ ላይ ግን አልሆነልኝም። ቃሉን በሁለት ቀን ያዝኩት። መርዶው የሚነገርበት ላይ ስደርስ እጮሃለሁ፣ ደረቴን እመታለሁ፣ እንባዬም ይመጣል፤ መምህር ታደለ ግን ፀጉሩን እያከከ «እንደገና» ይላል። አንድ ቀን ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ትርንጎ፣ የምታለቅሺው ለእኛ ነው። እናት እኮ ለተመልካች ብላ አታለቅስም» አለኝ።

«ታዲያ ለማን ብላ ነው?»

«እኔም አላውቅ። ወንድ ነኝ፣ ልጅም የለኝ። የሚያውቅ ሰው ዘንድ ሂጂ።»

የላከኝ ቁሐር ሚካኤል ነው፣ እትዬ ደብሬ ዘንድ። እትዬ ደብሬ ከወረታ እስከ አንበሳሜ ድረስ ለቅሶ ቤት ሁሉ የሚጠሩ አልቃሽ ነበሩ። እሳቸው ሙሾ ያላወረዱለት ሰው የተቀበረ አይመስልም ይባል ነበር። ነሐሴ ነው፣ ፍልሰታ ገብቷል። የፎገራ ሜዳ በነሐሴ ምን እንደሚመስል ላላየ ሰው መንገር ያስቸግራል፤ ሰማዩ ከላይም ከታችም ነው። ከብቱ ወደ ከፍታው ተነድቶ ሄዷል፤ ቤቶቹ ጉብታ ጉብታቸው ላይ ተቀምጠው ውሃው ዙሪያቸውን ከቧቸዋል። ኮንጎ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ጭቃው ጉልበቴ ድረስ እየዋጠ ሲተፋኝ ደረስኩ። እትዬ ደብሬ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥቁር ሻሽ የሚያስሩ ሴት ነበሩ። ድምፃቸው እንደኔው ወፍራም ነው፤ ሲያናግሩኝ ደነገጥኩ።

«እትዬ፣ ሙሾ ሊያስተምሩኝ ብዬ ነው የመጣሁ።»

«ማን ሞተብሽ?»

«ማንም አልሞተብኝም። ለተውኔት ነው።» ተውኔት ምን እንደሆነ እንደምንም አስረዳኋቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ላልሞተ ሰው ልታለቅሺ ነው?»

«አዎ።»

«ሙሾ ያለ ሞት አይወርድም ልጄ። የጠሩት ይመጣል።» ከዚያ እግሬን አዩ። «ምነው እንዲህ ተንቦራጨቅሽ! ግቢና ታጠቢ። መምጣትሽ ካልቀረ ነገ ታርሚልኛለሽ።»

ፍልሰታ እስኪፈታ እሳቸው ዘንድ ቆየሁ። በየጠዋቱ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን፤ መልስ ጎንበስ ብለን ውሃ ውስጥ ሩዝ እናርማለን፤ ከሰዓት በኋላ በጓያ ሽሮ እንገድፋለን። ሙሾ የሚባል ነገር አንዲት ቃል አላስተማሩኝም። ግን ሲያርሙ አያቸዋለሁ። ሲደክማቸው ወገባቸውን በእጃቸው ሳይሆን በክርናቸው ነው የሚደግፉት፣ እጃቸው ጭቃ ስለሆነ። ሲያስቡ ምላሳቸው የጎደለውን ጥርስ ቦታ ይፈልጋል። ይህን ሁሉ ቀስ እያልኩ ወደ ራሴ ወሰድኩት፤ ተዋናይ ሌባ ነው። አንድ ቀን ታዲያ «እትዬ፣ መርዶ የተነገራት እናት መጀመሪያ ምን ታደርጋለች?» አልኳቸው፣ እንደ ዘበት።

«ትጮሃለች ብለሽ ነው? የምትጮህ ጎረቤት ናት። እናት መጀመሪያ የያዘችውን ትጨርሳለች። አንዲት ጎረቤቴ ጤፍ ስታርም ነገሯት። አረሟን አልተወችም። ትልሙን እስከ ዳር አርማ፣ የነቀለችውን ከምራ፣ እጇን ታጥባ፣ ከዚያ ነው የወደቀችው። ሥራው ካለቀ ነገሩ እውነት ሊሆን ነዋ! ለዚያ ነው ማለቁን የፈራችው።»

ከሳቸው ማሳ ቀጥሎ አንድ ያልታረሰ መሬት ነበር፤ ቄጠማ ውጦታል። በዚያ ሁሉ በተዘራ ሜዳ መሀል ለብቻው ዱር ሆኖ ቆሟል። «የማነው?» አልኳቸው። እጃቸው ሥራውን አላቆመም።

«የማረው ነው። የልጄ። ከሄደ ስድስት ዓመቱ። አንዴ ደብዳቤ መጥታ ቄሱ አነበቡልኝ፣ ከዚያ ወዲህ የለም። ለእኩል አራሽ ሰጥተሽ ምርቱን ተካፈይ ይሉኛል። ነገ መጥቶ ማሳዬን ለማን ሰጠሽብኝ ቢለኝ ምን እመልስለታለሁ?» የነቀሉትን አረም ጣሉና «ያገሩን ልጅ ሁሉ ሸኝቻለሁ። የኔን አልሸኝ ነገር መርዶ የለ፤ አልቀበል ነገር እሱ የለ» አሉ።

ልመለስ የተነሳሁበት ቀን ጠዋት፣ እንዳጎነበሱ፣ የገበያ ወሬ እንደሚያወሩ ሁሉ ዜማ በሌለው ድምፅ እንዲህ አሉኝ፤

«ሞተሃል እንዳልል መርዶህ አልደረሰ፣
አለህም እንዳልል ማሳህ አልታረሰ፤
የሰውን ልጅ ስሸኝ ድምፄን ጨረስኩና፣
ላንተ የሚወጣ ቃል አጣሁ፣ ልጄ ና።»

አረሙ በእጄ እንዳለ ቀረ። ቀና ብለው አዩኝ። «ለራሴ ያበጀኋት ናት። አውርጃት አላውቅም። ለዚያ ለተውኔትሽ ከሆነችሽ ውሰጃት፤ ስንት ቀን አርመሽልኛል። አንድ ነገር ብቻ፣ ስሙን እንዳትጠሪ። ስሙ ካልተጠራ የማንም ሙሾ ናት። ከተጠራ ግን የሱ ትሆናለች።»

«በማርያም አልጠራም» አልኩ።

ተውኔቱ የታየው መስከረም መጨረሻ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም ነበር። መጋረጃችን አቡጀዲ፣ መብራታችን በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባው ፀሐይ። ጋሽ ኑሩ የሰፉልኝ ቀሚስ አዲስነቱ እንዳይታወቅ ሦስት ጊዜ በአመድ አሽተውታል። እናቴ «አልገባም» ብላ በር ላይ ቆማለች። እትዬ ደብሬ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው ከቁሐር ሴቶች ጋር መጥተው ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ሳያቸው ደስ አለኝ። እንዴት እንደምጫወተው ይዩልኝ ብዬ ቋመጥኩ። ዛሬ ሳስበው ከዚያ ደስታ ውስጥ ነው ጥፋቱ የጀመረው።

ሁለት ሽማግሌ ሆነው የሚጫወቱ ልጆች መጥተው መርዶውን ነገሩኝ። እኔ እህል አበጥር ነበር። ማበጠሩን አልተውኩም። ሰፌዱን አነሳለሁ፣ አበጥራለሁ፣ አነሳለሁ። መጀመሪያ ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ የረሳሁት መስሎታል። ቀጥሎ ሳቁ ሞተ። ያ አዳራሽ ያን ያህል ዝም ብሎ አያውቅም፤ የሰፌዱ ድምፅ ብቻ ነበር። እህሉን ጨረስኩ፣ ሰፌዱን ግድግዳ አስደገፍኩ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። ሙሾውን አወረድኩት። በተውኔቱ የልጄ ስም ደሳለኝ ነው፤ መጨረሻ ላይ «ደሳለኝ!» ብዬ ልጮህ ነው። ነገር ግን በዓይኔ የመጣው ያ ቄጠማ የዋጠው ማሳ ነበር። ከአፌ የወጣው «ማረው! ማረው ልጄ!» ነው።

የቁሐር ሴቶች እንደ አንድ ሰው ጮሁ። አንዷ ተነስታ ደረቷን መታች። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ ተከተለ፤ የሄደበት ሰው የሌለ ቤት አልነበረማ፣ ሁሉም የየራሱን ስም ይጠራ ጀመር። እትዬ ደብሬ አላለቀሱም። ተነሱና በአግዳሚዎቹ መሀል ቀስ ብለው ወደ በሩ ሄዱ፤ ሰው ጥግ እየያዘ አሳለፋቸው። ነጭ ነጠላቸው በሩ ላይ ብርሃኑ ውስጥ ሲገባ አየሁት። የሚቀረኝ ቃል ነበር። ማቋረጥ እችል ነበር፤ ከመድረኩ ዘልዬ ተከትያቸው ብወጣ ማንም አይከለክለኝም። እኔ ግን ቀጠልኩ። እስከ መጨረሻው ተጫወትኩ፣ እጅ ነሳሁ፣ ጭብጨባው ጣራውን አንቀጠቀጠው። ከባሕር ዳር የመጡ ሁለት እንግዶች ስሜን ጠይቀው ወረቀት ላይ ጻፉ።

በማግስቱ ቁሐር ስደርስ ግቢው ሰው ሞልቶታል። ወሬው እንደ መርዶ ተቆጥሮ ዘመድ ሁሉ ለለቅሶ መጥቷል። እትዬ ደብሬ ቤታቸው በር ላይ ቆመው «ምን ልትሠሩ መጣችሁ? ልጄ አልሞተም! ተነሡልኝ!» ይላሉ። ሰው እየተነጫነጨ ሲወጣ እኔ ብቻ ቀረሁ።

«ምን ብዬሽ ነበር?»

«ስሙን እንዳትጠሪ ብለውኛል።»

«ጠራሽው።»

«ጠራሁት፣ እትዬ። አምልጦኝ ነው።»

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። «ሂጂ» ብቻ አሉኝ።

ሄድኩ። እነዚያ ሁለት እንግዶች ባሕር ዳር ወሰዱኝ፤ ከአንድ የቲያትር ቡድን ጋር ስንት ዓመት ተጫወትኩ። የዚያን ዘመን ባሕር ዳር ዘንባባዎቿ ገና ወጣት ነበሩ። እሑድ እሑድ ሥራ ከሌለን በሐይቁ ዳር እየሄድን ቃላችንን እናጠና ነበር፤ የሚያልፈው ሰው እንደ እብድ ያየናል። የዚያ ጊዜ ናፍቆት ዛሬም አልወጣልኝም፤ የፊት ቅባቱን ሽታ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ቆመን እጅ ለእጅ የምንያያዘውን፣ አንድ እንቁላል ለሦስት የምንበላውን። ብዙ እናቶችን ሆኜ ተጫውቻለሁ። ያችን የእትዬ ደብሬን ሙሾ ግን ዳግመኛ በመድረክ አላነሳኋትም፤ አዘጋጆች ለምነውኝ እንኳ «ረስቻታለሁ» እላለሁ። እናቴን ልጠይቅ ወረታ ስሄድ መኪናው በቁሐር ነው የሚያልፈው። እዚያ ስንደርስ ሁልጊዜ ፊቴን ወደ ሐይቁ አዞር ነበር። ባለፈው ኅዳር በዚያው ሳልፍ ግን በደንብ አየሁት። ያ ሜዳ ከዳር እስከ ዳር የታጨደ ሩዝ ነው፤ ነዶው ተከምሮ፣ ከብቶቹ ቃርሚያው ውስጥ ገብተው። የቱ ማሳ የማረው እንደነበር መለየት አልቻልኩም። እትዬ ደብሬም ከሞቱ ቆይተዋል፤ ቁሐር ሚካኤል ነው ያረፉት። አሁን ልናገር የቀረኝ መጨረሻ የተገናኘንበት ቀን ነው።

ጊዜ ተለዋወጠ። የሄዱት አንድ አንድ እያሉ መመለስ ጀመሩ፤ ከስተው፣ ከረጢት ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው። ከነሱ አንዱ ከማረው ጋር የነበረ የአንበሳሜ ሰው ነው። ቁሐር መጥቶ የት እንደወደቀ፣ ማን አፈር እንዳለበሰው ነገራቸው። በዚያ ሳምንት ዓርብ ቀን ጋሽ ኑሩ ጨርቅ ሊገዙ ባሕር ዳር መጥተው የቲያትር ቤቱ በር ላይ አስጠሩኝ። ሸምግለዋል። «እትዬ ደብሬ ልከውብሻል» አሉኝ። «‹ያች የተውኔቷ ልጅ ትምጣልኝ› ብለዋል። ለቅሶው እሑድ ነው።»

እሑድ አዲሱ ተውኔታችን የሚከፈትበት ቀን ነበር። ስሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሁሉ በላይ በትልቁ የተጻፈው በዚያ ማስታወቂያ ላይ ነው። «ሰኞ እመጣለሁ ይበሉልኝ» አልኩ። ጋሽ ኑሩ ጨርቃቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ አንዱ አዛወሩ። «ልጄ፣ ለቅሶ ሰኞን አይጠብቅም» አሉኝና ሄዱ። እሑድ ተጫወትኩ። ምን ሆኜ? እናት ሆኜ። አዳራሹ አለቀሰ፤ አበባ ሰጡኝ። ሰኞ ልሄድ ተነስቼ መናኸሪያው ድረስ ደርሼ ተመለስኩ፤ ምን ፊት ይዤ? እንዲሁ ስል ሁለት ሳምንት አለፈ።

የደረስኩት ረፋድ ላይ ነው። የዳሱ እንጨት ተነቅሎ ጉድጓዶቹ ብቻ ቀርተዋል። እትዬ ደብሬ ደጅ መደቡ ላይ ለብቻቸው ተቀምጠዋል፤ አርጅተዋል፣ ሰውነታቸው አጥሯል። ጉልበታቸውን ልስም ጎነበስኩ። አልከለከሉኝም።

«ዘገየሁ፣ እትዬ።»

«ዘገየሽ።» ድምፃቸው ሰለል ብሏል። «ሰዉ ሁሉ አንቺው አውርጂ አለኝ፤ አፌ አልከፈት አለ። ከደራ አልቃሽ እናምጣልሽ አሉኝ። የሱን የምታወርድ አለች፣ ትመጣለች አልኳቸው። ጠበቅን። ኋላ ሰዉ ዝም ብሎ ተቀምጦ፣ ዝም ብሎ ተነሣ። የኔ ልጅ በዝምታ ተሸኘ።»

ይህን ሲሉኝ ከሠራሁት ጥፋት ሁሉ የሚበልጠው የቱ እንደሆነ ገባኝ። መጥራቴን ይቅር ብለውኝ ነበር፤ የባሰው ለለቅሶው ሳልደርስ መቅረቴ ነው። «እኔን ለምን ፈለጉኝ? ያን ያህል በድዬዎት» አልኩ፣ ሳላስበው።

«አንዴ በስሙ ጠርተሽዋል። መንገዱን ታውቂዋለሽ።» ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩ፤ ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው። ልረዳቸው ብል ገፉኝ። ከዚያ ተነሡና ግቢው መሀል ቆሙ። «በይ» አሉኝ።

ስንት አዳራሽ ፊት የቆምኩ ሴት፣ ያች አንዲት አሮጊት ፊት ቆሜ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። የማውቃት ሙሾ አሁን አትሆንም፤ መርዶው ደርሷል። ሌላ ሰው የጻፈልኝ ቃል የለም። ዓይኔን ጨፈንኩ።

«በቁም ሳለህ ጠርቼህ ሰው ፊት አለቀስኩ፣
የሞትህ ቀን ሲሆን ደጅህ አልደረስኩ፤»

ብዬ «ማረው!» አልኩ። ሁለተኛውን መስመር በቅጡ አላወጣሁትም፤ ድምፄ ተሰብሮ ነበር። መድረክ ላይ ቢሆን መምህር ታደለ «እንደገና» ይለኝ ነበር። ከጎኔ ታዲያ ያ ወፍራም፣ ሻካራ፣ ስንቱን የሸኘ ድምፅ ከየት እንደመጣ ሳላውቅ ተነሣ፤

«ቢዘገይም መጣ የሚጠራህ አፍ፣
ግባ ልጄ ዕረፍ ከናትህ ደጃፍ።»

እኔ አወርዳለሁ፣ እሳቸው ይቀበላሉ፤ እሳቸው ያወርዳሉ፣ እኔ እቀበላለሁ። ምን ያህል እንደቆየን እንጃ። ዓይኔን ስገልጥ ጎረቤቶቹ ከየማሳቸው ሥራቸውን ትተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንድ አንድ እያሉ በአጥሩ በር እየገቡ ነበር።